በፍልሰታ ጾም ያስቆምኩት ስሌት

ንስሐ አባቴ ብዙ ጉዴን ያውቃሉ። ምቀኝነቴን ነግሬያቸዋለሁ፣ የምላሴን ስለት ነግሬያቸዋለሁ፣ እናቴን ያስለቀስኩበትን ቀን ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ግን ለእሳቸውም ለሌላም ሰው ተንፍሼው አላውቅም ነበር። እስካለፈው ወር ድረስ ከሆዴ አልወጣም። አሁን የምጽፍላችሁ ደፋር ስለሆንኩ አይደለም። አንዴ ከአፌ ከወጣ በኋላ መልሼ መዋጥ ስላቃተኝ ነው።

ለአባ ለምን አልነገርኳቸውም? ለራሴ የሰጠሁትን ምክንያት ስሙልኝ። ኃጢአቴን ለመናዘዝ መጀመሪያ ከዋክብት የሚወለዱበትን ደመና ማስረዳት አለብኝ፤ ከዚያ የኮስሚክ ጨረርን፤ ከዚያ ደግሞ ኮምፒውተር ለብዙ ቀናት ሳያቋርጥ የሚሠራው ስሌት ምን እንደሆነ። ከኋላዬ ሰው ተራውን እየጠበቀ ለአባ ስለ ሃይድሮጅን ላወራ ነው? አይገባቸውም አልኩ። ጎበዝ አይደለሁም? አባ ሦስት መንግሥት ያዩ፣ የስንቱን ሰው ጉድ የሰሙ ሽማግሌ ናቸው። ክህደት አይገባቸውም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ያደረግኩት እኮ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል፤ ያመነችኝን የጓደኛዬን ስሌት በእጄ አጥፍቼ፣ በራሱ ተበላሸ አልኳት።

ጓደኛዬ ሐዋ ትባላለች። ሁለታችንም ጅቡቲ ከተማ ተወልደን ያደግን ነን፤ እሷ ሶማሌ፣ እኔ አያቴ ከምድር ባቡሩ ጋር የመጡ ሐበሻ። አያቴ ሐዲድ ሲጠግኑ ኖሩ፣ አባቴ ካርቲየ ሁለት በሚባለው ሰፈር ጨርቅ ይሸጥ ነበር፣ እኔ ደግሞ ቤተሰቤ ስሙን እንኳ በቅጡ የማይጠራውን ትምህርት ያዝኩ። የማስተርስ ትምህርታችን መጨረሻ ላይ በዚህ ዘርፍ የቀረነው እኔና ሐዋ ብቻ ነበርን። ፕሮፌሰራችን ፈረንሳዊ ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ መጥተው ያስተምሩናል፣ በቀረው ጊዜ በኮምፒውተር መስኮት እየታዩ ይመሩናል። እሳቸው ዘንድ ሄዶ ዶክትሬት ለመሥራት አንድ ቦታ ነበር። አንድ ብቻ። ሁለታችንም ፈለግነው፣ ሁለታችንም እንደምንፈልገው ተነጋግረናል፣ ያሸነፈችው ሌላዋን ምሳ ልትጋብዝ ተስማምተናል።

ሐዋ ከእኔ ትበልጣለች። ያኔ ባለትዳር ነበረች፣ ኢፍራህ የምትባል ገና ፊደል የምትቆጥር ልጅ ነበረቻት። ባሏ መርከብ ላይ የሚሠራ፣ ሂጂ ተማሪ ያላት ሰው ነው። ልጅ አስተኝታ፣ ልጅ አልብሳ፣ ዓይኗ ቀልቶ ትመጣና ከእኔ ቀድማ ትጀምራለች። እኔ እናቴ ቤት ተቀምጬ የሚቀርብልኝን እበላ ነበር።

ኮምፒውተራችን አንድ ነበር። ክሊም የምንለው አየር ማቀዝቀዣ ያለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ስሌታችንን ይሠራል። በጋ ላይ ከተማው ከእኩለ ቀን በኋላ በሩን ዘግቶ ይተኛል፣ መብራትም እንዳሻው ይሄዳል። መብራት ከጠፋ ባትሪው የሚይዘው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ ስሌቱን የሚያስቀምጥ ሰው ከሌለ የብዙ ቀን ድካም ገደል ይገባል። ስለዚህ አንድ ልማድ አበጀን። ዓርብና የእስላም በዓል ሲሆን እሷ ከቤተሰቧ ጋር ትውላለች፣ የእሷን ስሌት እኔ እጠብቃለሁ። ገናና ፋሲካ ሲመጣ የእኔን እሷ ትጠብቃለች። ማንም አላዘዘንም። ከተማውን የሚያበራው መብራት ከኢትዮጵያ ስለሚመጣ፣ በጠፋ ቁጥር ዘመዶችሽ ማብሪያውን ነቀሉት እያለች ትስቅብኝ ነበር። ያን ልማድ ከምንም ነገር በላይ እወደው ነበር፤ አሁን ይህን ስጽፍ እጄ ያፍራል።

ስለ ሥራችን ጥቂት ልንገራችሁ፣ ለአባ ያልነገርኳቸውን። ከዋክብት የሚወለዱት በሰማይ ላይ በተንሰራፉ የጋዝና የአቧራ ደመናዎች ውስጥ ነው። ደመናው ከመጥቆሩ የተነሳ የሌላ ኮከብ ብርሃን ወደ ልቡ አይዘልቅም፤ ውስጡም ልንገምተው የማንችለው ብርድ ነው። በዚያ ጨለማና ብርድ ኬሚስትሪ ሁሉ በደነዘዘ ነበር። ግን የኮስሚክ ጨረር አለ። ጨረር ይባል እንጂ እንደ ፈነዱ ከዋክብት ካሉ ሩቅ ቦታዎች በአስደንጋጭ ፍጥነት የሚወረወሩ ደቃቅ ቅንጣቶች ናቸው፤ ብርሃን ያቃተውን አቧራ እነሱ ጥሰው ያልፋሉ። ሲያልፉ አንዱን የሃይድሮጅን ሞለኪውል ገጭተው ኤሌክትሮን ያስጥሉታል። የተገጨው ከጎረቤቱ አንድ ሃይድሮጅን ነጥቆ ባለ ሦስት ይሆናል። ይህ ባለ ሦስቱ ዕረፍት የለውም፣ ትርፍ ፕሮቶኑን ላገኘው ሁሉ ያሸክማል። ለኦክስጅን ሲያሸክመው ወደ ውሃ የሚወስደው መንገድ ይጀመራል፤ ለሌላው ሲያሸክመው ሌላ ሞለኪውል ይወለዳል። ደመናው ተደርምሶ ኮከብ እስኪሆን የሚወስደው ጊዜ እንኳ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። እንግዲህ ስንት ቅንጣት ይገባል የሚለው ቁጥር ቀላል ቁጥር አይደለም።

እኔ እንደ ብዙ ሰው ከደመናው ጠርዝ እስከ ልቡ አንድ ቁጥር ነበር የምጠቀመው። ሐዋ ይህ አልዋጥ አላት። ከወደብ የሚነሳ ከባድ መኪና ሁሉ አዲስ አበባ ይደርሳል እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ደካማው ዳገቱ ላይ ይቀራል፤ ደካማው ጨረርም ደመናው በጠና ቁጥር መንገድ ላይ መቅረት አለበት፣ ስለዚህ ቁጥሩ ወደ ልቡ እየወረደ መሄድ አለበት አለች። ይህን ሌሎች ሰዎች በሌላ ቦታ አስበውታል። እኛ በምንሠራበት ሞዴል ግን ማንም አላስገባውም ነበር፣ ፕሮፌሰሩም ጊዜ የለንም ብለው ትተውታል። እሷ ግን አስገባችው። ከእኔ ስሌት ሁለት እጥፍ የሚከብድ ስሌት ሆነ።

አንድ ቀን አብረን ስንወጣ ለማንም እንዳልነግር አስምላ ፍርሃቷን አጫወተችኝ። እንዲህ ያለ ስሌት አንዳንዴ ይፈርሳል። ሲፈርስ የሞለኪውሎቹ መጠን ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ከምንም ያነሰ ውሃ እንደማለት ነው፣ ትርጉም የለውም። ሐዋ ይህ እንዳይደርስባት ትጸልይ ነበር። ከዜሮ በታች ከወረደ ጭንቅላቴ ለዚህ ነገር አልተፈጠረም ማለት ነው፣ አርፌ ልጄን አሳድጋለሁ አለችኝ። እኔም አይዞሽ አልኳት። እጇን ይዤ አይዞሽ ያልኩት እኔ ነኝ።

በዚያ ዓመት አረፋ የዋለው በፍልሰታ ጾም መካከል ነው። ከፕሮፌሰሩ ጋር የምንገናኝበት ቀን ከበዓሉ ቀጥሎ ባለው ሳምንት ነበር፤ ከዚያ ንግግር በኋላ አንዳችንን ይመርጣሉ። የእኔ ሥራ አልቋል። የሐዋ ስሌት ሊያበቃ ተቃርቧል። እሑድ ነበርና ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አስቀድሼ፣ ነጠላዬን እንደለበስኩ ስሌቷን ለማየት ሄድኩ። ከዚያ እነሱ ቤት ምሳ ተጠርቼ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም። መብራት አልጠፋም። ኮምፒውተሩ በሰላም ይሠራል። እስከዚያ የደረሰበትን ለማየት ውጤቱን በግራፍ መስመር አወጣሁት። የእኔን አጠገቡ አደረግኩት። የእኔ መስመር ከጠርዝ እስከ ልብ ለጥ ያለ ነው። የእሷ ግን ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር በዝግታ፣ በሥርዓት ይወርዳል፤ እሱን ተከትለው ሞለኪውሎቹ ሁሉ ቦታቸውን ይለውጣሉ፣ በቴሌስኮፕ ከታየውና እኔ ለወራት ላገኘው ካልቻልኩት ጋር ይገጥማሉ። አንድም ቦታ ከዜሮ በታች አልወረደም። ሐዋ ትክክል ነበረች፤ እኔ ተሳስቻለሁ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። ይህ ነው ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳፍረኝ። የእውነት ደስ አለኝ፣ ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ ሳቅሁ። ቀጥሎ ፈረንሳይ የምትሄደው እሷ መሆኗ ገባኝ። እናቴ ለዘመድ ሁሉ ልጄ ልትሄድ ነው ብላ ነግራለች። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አስቤ ነው ያደረግኩት፤ ሰይጣን አሳሳተኝ እንዳልል ጊዜ ነበረኝ፣ ክሊሙ ይነፍሳል፣ ነጠላዬ ትከሻዬ ላይ ነው። ስሌቱን አስቆምኩት። ከዚያ እስከዚያ ሰዓት ያወጣውን ሁሉ አንድ በአንድ አጠፋሁ። አስቆምኩት፣ አጠፋሁት። እኔ ነኝ።

ከዚያ ምሳ ሄድኩ።

የሐዋን እናት እንደ ሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሆዮ እላቸዋለሁ፣ በሶማልኛ እማዬ ማለት ነው። እኛ የእነሱን ሥጋ እንደማንበላ ያውቃሉ፣ በዚያ ላይ ጾም ነው። ለእኔ ብቻ በሌላ ድስት የጾም ሩዝ በምስር ሠርተው ለብቻዬ አቀረቡልኝ። እኔስ ምን አልኩ? ቅቤ አልነካውም አይደል ብዬ ጠየቅኋቸው። የልጃቸውን ልፋት አጥፍቼ መጥቼ፣ ስለ ቅቤ ጠየቅሁ። ዘይት ነው ልጄ ብለው ማሉልኝ። በላሁ። ኢፍራህ አዲስ ቀሚሷን ታሳየኛለች፣ አክስቴ አክስቴ ትለኛለች።

እጅ ስንታጠብ ለሐዋ ነገርኳት። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ወረደ አልኳት። ውጤቱ ሁሉ ተበላሽቶ ዲስኩን ስለሞላው አጠፋሁት አልኳት፤ ቦታ ሲጠበን ሁልጊዜ የምናደርገው ስለሆነ አልጠረጠረችኝም። የቱ ጋ እንደወረደ ጠየቀችኝ። ጥልቁ ላይ አልኳት። የት እንደምትፈራ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እዚያው ላይ ወጋኋት። ሂና የተቀባ እጇን ከቧንቧው ሥር አውጥታ አደረቀች። እኔም ጠርጥሬ ነበር አለችኝ። ከዚያ፣ በበዓል ቀን እኔን ብለሽ ደከምሽ ብላ አመሰገነችኝ።

እንደገና ለመጀመር ጊዜ አልነበራትም። ጊዜ ቢኖራትም አትጀምረውም ነበር፤ በሐሳቧ ላይ ያላትን እምነት ነው የገደልኩት። ስብሰባው ላይ እንደ እኔው አንድ ቁጥር ይዛ ቀረበች፣ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። ፕሮፌሰሩ እኔን መረጡ። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ተናዝዤ ቆረብኩ። ቆረብኩ። ይህን ስታነቡ ምን ትሉኝ ይሆን?

ፈረንሳይ ሄድኩ። በሁለተኛው ዓመት ፕሮፌሰሩ ጨረሩ ወደ ውስጥ ሲገባ እየቀነሰ እንዲሄድ አድርጌ እንድሠራው ጠየቁኝ። ገና በመጀመሪያው ሙከራ ሠራ። መስመሩ ያን ቀን እንዳየሁት ነበር። ጥሩ ዓይን አለሽ አሉኝ። ዝም አልኩ። ዶክተር የተባልኩት በዚያ ዝምታ ነው። ተመልሼም እዚሁ ማስተማር ጀመርኩ፣ ተማሪዎቼ ስለ ደመና ልብ ሲጠይቁኝ በሐዋ አፍ እመልስላቸዋለሁ፤ ደካማው መኪና ዳገቱ ላይ ይቀራል እያልኩ። እነሱ ይስቃሉ።

ሐዋ ትራንዚተር ሆነች። ወደብ የሚገባውን የኢትዮጵያ ዕቃ ታስፈጽማለች፣ ሹፌሮቹ ሐዋዬ ይሏታል፣ አማርኛውንም ከእነሱ ለምዳ አሁን ከእኔ ጋር የምታወራው በእሱ ነው። አልተጣላንም፣ አልተራራቅንም። በየአረፋው እጠራለሁ። ከፈረንሳይ ከተመለስኩ ወዲህ በየአረፋው ሄጃለሁ። የሰው ልጅ ምን ያህል ነውር መልመድ እንደሚችል ከእኔ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ኢፍራህ አድጋ ዘንድሮ የባክ፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያው ፈተና፣ ተፈታኝ ናት። ሒሳብ ለእሷ ጨዋታ ነው። ምን ልትማሪ ነው ብዬ ስጠይቃት እንደ እናቴ ወደብ እገባለሁ አለችኝ። ፊዚክስ አትወጂም አልኳት። እወዳለሁ አለችኝ፣ ግን የእኛ ቤት ጭንቅላት እስከ አንድ ቦታ ድረስ ነው የሚሄደው፣ እናቴ ሞክራ አይታዋለች። ሐዋ አጠገባችን ሆና ሰማች፣ ከፍቷትም አይደለም፣ እውነቷን ነው፣ ብልጧ ይቺ ጽጌ ነበረች ብላ እኔን እያሳየች ሳቀች። እኔ መቀመጥ አቃተኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ የዘረፍኩት የአንዲት ሴት ዕድል ይመስለኝ ነበር። ለካ ልጅቱም የምትኖረው በእኔ ውሸት ነው። የሚቀጥለው ወር ላይ ልትመዘገብ ነበር።

ፔካ 12 ወደሚባለው የከባድ መኪኖች ማቆሚያ ሄድኩ፤ በሥራ ቀን ሐዋ መኪኖች የምትጠብቀው እዚያ ነው። መኪናዋ ውስጥ ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩና ነገርኳት። አልጮኸችም። ፊት ለፊት የቆሙትን ከባድ መኪኖች እያየች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ፣

«መስመሩ ይወርድ ነበር?» አለችኝ።

«ይወርድ ነበር።»

«ልቡ ድረስ?»

«ልቡ ድረስ።»

አንድ ሹፌር መጥቶ መስኮቱን መታ። በእጇ ቆይ አለችው። እንባዋን አልጠረገችውም።

«ያን ቀን እናቴ ለአንቺ ብላ አዲስ ድስት ገዝታ ነበር» አለች። «ሥጋ ነክቶት የማያውቅ።»

ይቅር በይኝ ልል አፌን ስከፍት እጇን አነሳችብኝ።

«ለእኔ አትበይኝ። እኔ ልጄን ጭንቅላታችን እስከዚህ ነው እያልኩ አሳድጌያታለሁ። እኔ ብነግራት ልታጽናናኝ ነው ትላለች። ሂጂና አንቺ በአፍሽ ንገሪያት።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጋቦዴ ሰፈር ቤታቸው ሄድኩ። ኢፍራህ ፊቴ ተቀመጠች፣ ሐዋ ጀርባዋን ሰጥታን ወደ መስኮቱ ዞራ ተቀመጠች። ለልጅቱ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጠዋት ማስቀደሴን፣ መሳቄን፣ ማጥፋቴን፣ ምሳ መብላቴን። ለምን አለችኝ። እናትሽ ትክክል መሆኗን ስላየሁ ነው አልኳት። የእናትሽ መስመር ትክክል ነበር፣ እኔ አይቼ፣ አውቄ አጠፋሁት አልኳት።

«ድገሚው» አለች ሐዋ ሳትዞር።

ደገምኩት። ኢፍራህ ተነስታ እናቷ አጠገብ ሄደች።

«ደግሞ» አለች ሐዋ።

ጀምሬ መሐል ላይ አቋረጥኩት። ጠበቀችኝ። እስክችል ድረስ ጠበቀችኝ፣ ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ አልኩት። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። በሩን ራሴ ከፍቼ ወጣሁ።

ለፕሮፌሰሩም ነግሬያቸዋለሁ፣ የሚሆነው ይሁን። አባ ዘንድም እሄዳለሁ፣ ሃይድሮጅን የለበትም። ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር፣ እናቴ ጓጉታ ነበር አልልም፤ ሐዋም እናት ነበራት። ኢፍራህ ምን እንደምትመዘገብ አላውቅም፣ ከእኔ መስማት የሚገባትን ሰምታለች። ሐዋ ይቅር አላለችኝም። እናንተም አትበሉኝ። ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እሷ ከአፌ ሰምታ ያልጠገበችውን እናንተም እወቁልኝ። ሐዋ ትክክል ነበረች። አይቻለሁ። አውቄ አጠፋሁት።